ዘማሪ ናት ወይስ ዘፋኝ?

የእህቴ ልጅ አንድ ማታ ሴቻ ያለው ቤቴ መጣችና ከጆሮዋ አንዱን ማዳመጫ ነቅላ ሰጠችኝ። "አጎቴ፣ እስቲ ይቺን ስማት!" ሰማኋት። ጂጂ ናት፤ እጅጋየሁ ሽባባው። "ይቺንማ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የማውቃት" አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ። ዕድሜ ከሚሰጠን ጥቂት ጉራዎች አንዷ ይህቺ ናት።

"እሱን አልጠየቅሁህም" አለችኝ። "ዘማሪ ናት ወይስ ዘፋኝ?"

እናላችሁ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ መልስ "ሁለቱንም" የሚል ነበር። ልጅቷ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ሁለቱንም የሚባል ነገር የለም። ወይ ይኼን ነህ ወይ ያንን ነህ።" ቃሉ የራሷ እንዳልሆነ ያስታውቃል፤ ሌላ ሰው ያስጠናት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይቺ ልጅ አርባ ምንጭ ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ከመዘምራኑ ጋር ታገለግላለች። የትኛው እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ድምፅ አላት፤ አጎቷ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፣ የጎረቤት ሰው ሁሉ ዕቃ ስታጥብ ዝም ብሎ የሚያዳምጣት ልጅ ናት። ባለፈው መስከረም ለዮ ማስቃላ ከእናቷ ጋር ወደ ዶርዜ ወጥታ፣ ከአክስቶቿ መሐል ገብታ የአገሩን ዜማ ስትቀበል አመሸች። አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ቪዲዮ ደግሞ እግር አለው፤ ያንን ጠመዝማዛ የጨንቻ መንገድ ከእኛ ቀድሞ ወርዶ ሲቀላ ደረሰ። የመዘምራኑ ኃላፊ አስጠርቶ "እህቴ፣ ከአንድ ምንጭ ሁለት ዓይነት ውኃ አይቀዳም፤ እስከ ፋሲካ ወስኚ" አላት። አርባ ምንጮች አሉበት በሚባል ከተማ ይህን መናገር ድፍረት ነው ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ። አልሳቀችልኝም።

ስለዚህ ጥያቄዋ ስለ ጂጂ ብቻ አልነበረም። እኔም የምጽፈው ስለ ጂጂ ነው፤ ስለ ጂጂ ብቻ ግን አይደለም።

ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት፣ የጎጃም። ቤተሰቧ ዘፋኝ እንድትሆን አልፈለገም። ይህ ለአገራችን አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም፤ "ልጄ ዘፋኝ ሆነችልኝ" ብሎ ድግስ የደገሰ አባት ብታውቁ ንገሩኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ግን እዚያው ቤታቸው ውስጥ ከአንድ ቄስ አፍ ነው የለቀመችው። ማሕሌቱ ላይ እንዳትቆም ሴት ናት። መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ወንዶች ናቸው። ከውጭ ሆና የሰማችውን ውስጧ አስቀመጠችው እንጂ ልትለቀው አልቻለችም። ከአገር ወጥታ በናይሮቢ በኩል አድርጋ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ የነበረው ዋናው ዕቃ እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ "ጂጂ" ተብሎ የወጣው አልበም እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ የክሪስ ብላክዌል ድርጅት ነው፤ ቦብ ማርሊን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰውዬ። ፕሮዲዩሰሩ በኋላ ባሏ የሆነው ባዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነበር። ያጀቧትን ልቁጠርላችሁ፦ ፒያኖ ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ሳክስፎን ላይ ዌይን ሾርተር፣ ደግሞ ፋሮዋ ሳንደርስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከማይልስ ዴቪስ ጋር የጃዝን አቅጣጫ ያዞሩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ከጆን ኮልትሬን ጎን ቆሞ የነፋ ነው። ይህን ዝርዝር ለጃዝ ወዳጅ ብትነግሩት ምራቁን ይውጣል። ሾርተርም ሳንደርስም አሁን በሕይወት የሉም፤ ሳንደርስ በ2022፣ ሾርተር በ2023 እ.ኤ.አ. አርፈዋል።

እኔ አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት በካሴት ነው፣ ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ የሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጦ ሲሠራ። ዝርዝሩን አንድ ጓደኛዬ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅሁት "አሁን ጃዝ ትዘፍናለች" እያልኩ ነው። አንድ ዘፈን አለቀ፤ አልዘፈነችም። ሁለተኛው አለቀ። ካሴቱን ገለበጥኩት። ልጅቷ ጃዝ ዘፋኝ ልትሆን አልመጣችም! ድምፅዋን አላወፈረችም፣ እንደ አሜሪካኖቹ ቃላቱን አላጎተተችም፣ ያለ ቃል ድምፅ እየቆራረጡ የመጫወቱንም ዘዴ አልሞከረችም። ያው የቻግኒ ልጅ ናት። መጥተው እሷን የሚፈልጓት እነሱ ናቸው። ሳክስፎኑ ትንፋሽ በምትወስድባት ቅጽበት ሾልኮ ይገባና መልሳ ስትጀምር ይወጣል፤ የሰው ቤት እንደገባ ጨዋ እንግዳ።

አባቴ መወርወሪያውን አቁሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "የቄስ ልጅ ናት እንዴ?"

አባቴ የሙዚቃ ሰው አልነበረም፤ አንድም መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። ያን ማታ ግን ከእኔ በላይ ሰምቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ጂጂ ስንኝ ስትጨርስ ድምፅዋ በትንንሽ ደረጃ እየተንከባለለ ሲወርድ ቢሰማ "ርክርክ" የሚለው ቃል ይመጣበታል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳትዘል ስትንሸራተት ደግሞ "ሂደት" ይላል። እሷ ምልክቱን እያየች ነው የዘፈነችው አልልም፤ በልጅነት የገባ ነገር ምልክት አያስፈልገውም። "አባይ"ንም ስትዘፍን "አድዋ"ንም ስትዘፍን ያው ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 በየሬዲዮው ስናደምጣት ጉሮሮአችን ላይ የሚተናነቀን ነገር ከግጥሙ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ቅዳሴ ሰምቶ ያደገ ጆሮ የሚያውቀው ነገር አለበት።

አሁን ደግሞ ወቀሳዬን ልናገር፤ ማመስገን ብቻማ የሠርግ ሽማግሌ ሥራ ነው። ላስዌል ባዝ ይወዳል። የራሱ መሣሪያ ስለሆነ አይፈረድበትም፤ ግን አልበሙ ውስጥ ድምፅዋ ከወፍራም ብርድ ልብስ ሥር እየወጣ እንደሆነ የሚሰማኝ ቦታዎች አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያንኑ አልበም እንደገና አቀናብሮ "ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ" ብሎ አወጣው። እዚያ ድምፅዋ እንደ ጭስ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ የቀረው ማስተጋባትና ባዝ ነው። ፈረንጆቹ ወደዱት። እኔ አንድ ጊዜ ሰምቼ አስቀመጥኩት። ጂጂን ከጂጂ አልበም ውስጥ ካወጣኋት በኋላ የሚቀረውን ምን ላድርገው?

በዚያው ዓመት ግን "አቢሲንያ ኢንፊኒት" በሚል ስም "ዛዮን ሩትስ" የተሰኘውን ሠሩ። ያው ላስዌል ባዙን አስቀምጦ ጊታር ያዘ፤ ክራሩ፣ ከበሮው፣ ድምፁ ፊት ለፊት መጡ። የአድናቆት ዝርዝር ውስጥ የሚገቡ ታላላቅ ስሞች የሉበትም፤ ለእኔ ግን የሥራዎቿ ሁሉ አናት እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤሌክትሮኒክ የበዛበት አልበም "ወርቅና ሰም" ብለውታል። እኛ "ሰምና ወርቅ" ነው የምንለው፣ ሰሙ ይቀድማል፤ ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁ ከየት ይመጣል? ይሁን፣ ለውጭ አገር ጆሮ ወርቅ ሲቀድም ያምር ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምንድን ነው? ስለ ጂጂ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ "ሁለገብ ናት፣ ጃዙንም፣ ባህላዊውንም፣ ሬጌውንም ትችላለች" የሚል ስለሆነ ነው። እኔ እንደዚያ አልሰማኋትም። ልብስ እንደሚቀይር ሰው ድምፅ ስትቀይር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ድምፅ ነው ያላት። ያንን አንድ ድምፅ ይዛ በየቤቱ ትገባለች፤ ቤቱ ይለወጣል፣ እሷ አትለወጥም። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ "ጉራማይሌ" ይባላል። ጉራማይሌ ድድ ያየ ሰው ያውቃል፦ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ እንደሆነ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተቀላቅለው ቡናማ አይሆኑም።

አሜሪካኖች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው የተከራከሩበት ሰው አላቸው። አሬታ ፍራንክሊን የዲትሮይት ሰባኪ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን ስብከቱ በሸክላ እየታተመ የሚሸጥ ታዋቂ ፓስተር ነበር። ልጅቷ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር አደገችና ወጥታ የፍቅር ዘፈን ዘፈነች፤ ጃዝም ዘፈነች፣ "የሶል ንግሥት" ተባለች። በጥር 1972 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገብታ በሁለት ምሽት "አሜዚንግ ግሬስ" የተባለውን የመዝሙር አልበም ቀረጸች፤ ከሥራዎቿ ሁሉ በብዛት የተሸጠው እሱ ነው። እዚያ አባቷ ተነሥቶ ሲናገር፣ ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ አታውቅም የሚል መልእክት አስተላለፈ። ዓለማዊ ሆነች እያሉ የሚያሟት ምእመናን እንደነበሩ ከንግግሩ ይገባችኋል።

ከዚያም በ1998 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በግራሚ ሽልማት ምሽት፣ ጣልያናዊው የኦፔራ ድምፃዊ ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ታመመና ሊዘፍን አልቻለም። አሬታን ለመኗት። በትንሽ ጊዜ ዝግጅት፣ ለእሱ በተዘጋጀው ቅኝት፣ የፑቺኒን "ኔሱን ዶርማ" ለወንድ የተጻፈውን ዜማ ወጥታ ዘፈነችው። የኦፔራ አዋቂዎች እንከን ሊያወጡላት ይችላሉ፤ እንደ ኦፔራ ዘፋኝ አይደለም የዘፈነችው። እሁድ ጠዋት ዲትሮይት ውስጥ እንደምትዘምር ነው የዘፈነችው። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት። ኦፔራው ውስጥ፣ ጃዙ ውስጥ፣ መዝሙሩ ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ናት።

እኛ ዘንድ ግን ይህ በር ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚከፈተው። የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም። ሙሉቀን መለሰን አስቡት። በሚያዝያ 2016 ዋሽንግተን ውስጥ ማረፉ ሲሰማ እኔ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ እየወጣሁ ነበር፤ ሾፌሩ፣ ከሙሉቀን ዘመን በኋላ የተወለደ ልጅ፣ "ሄደች አሉ"ን ከፍቶ ነበር። ሙሉቀን ከጎጃም በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ገና ጢሙ ሳያጎጠጉጥ በምሽት ክበብ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዳህላክ ባንድ ጋር የቀረጻቸው ሥራዎች ዛሬም ፓሪስ ላይ እንደገና እየታተሙ የሚሸጡ ናቸው። በዝናው አናት ላይ እያለ የጴንጤቆስጤ እምነት ተቀበለ፣ አሜሪካ ገባ፣ ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ለመዝሙር ብቻ ሆነ። የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሒሩት በቀለም እንዲሁ፣ ያ ሁሉ ዘፈን ከኋላዋ ቀርቶ በዝማሬ ኖራ አረፈች።

የእነሱን ውሳኔ የመዳኘት መብት የለኝም፤ በራሳቸው ነፍስ ያዘዙት እነሱ ናቸው። የምወቅሰው እኛን አድማጮቹን ነው። ግማሾቻችን ሙሉቀን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞተ ይመስል "የድሮው ሙሉቀን" እያልን ኖርን። ሌሎቻችን ደግሞ የተወለደው ያን ጊዜ ይመስል የበፊቱን ስሙን እንኳ አንጠራም። አንድ ሰው፣ አንድ ጉሮሮ፤ እኛ ግን ለሁለት ሰንጥቀን ተከፋፈልነው። የእህቴን ልጅ የሚጠብቃትም ይኸው መሰንጠቅ ነው፤ እሷን የሚሰነጥቃት ግን ገና በሃያ ዓመቷ፣ ምንም ሳትቀርጽ ነው።

ለመዘምራኑ ኃላፊ ፍትሕ መንፈግ አልፈልግም። ሰውዬው ያለ ምክንያት አይደለም የሚፈራው። ዘፈን በእኛ አገር ጠጅ ቤት አለበት፣ ሌሊት አለበት፣ አዝማሪን የናቀ ማኅበረሰብ አለበት። መዝሙር ደግሞ በደቡብ ምድር ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ታስሯል። ሰው ታስሮ ያቆየውን ነገር ከሠርግ ጭፈራ ጋር አትቀላቅሉብኝ ቢል አይገርምም። ይገባኛል።

ግን አንድ የቃል ነገር አለ። ይህን ክርክር ያነሣችሁ እንደሆነ ወዲያው ገላትያ ምዕራፍ 5 ይጠቀስላችኋል፤ ከሥጋ ሥራዎች መሐል "ዘፋኝነት" ተዘርዝሯልና። እኔም ልጅ ሆኜ ያቺ ቃል አስፈርታኛለች። በኋላ እንደተማርኩት እዚያ ቦታ ያለው የግሪኩ ቃል "ኮሞስ" ነው፤ ሰክሮ በየመንገዱ መጨፈር፣ ፈንጠዝያ። ዜማ ማውጣትን የሚከለክል ቃል አይደለም። በዚያው በቀድሞው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ላይ፣ ዳዊት በታቦቱ ፊት "ይዘፍን ነበር" ተብሎ ተጽፏል። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ጨፈረ፣ አሸበሸበ ማለት ነውና ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። ቃሉ ነው ከጊዜ በኋላ ከእግር ወደ አፍ የተዛወረው። እናም ስንት የጋሞ፣ ስንት የወላይታ፣ ስንት የሲዳማ ድምፅ በአንዲት ቃል ምክንያት ዝም እንዳለ አስባለሁ። ቋንቋ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ የሚያበሳጨኝ።

ወደ ዶርዜ ልመለስ፣ ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ነውና።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሙዙና ማንጎው ከታች ይቀራል፣ አባያና ጫሞ እንደ ሁለት መስተዋት ከሥር ይዘረጋሉ፣ እግዜር ድልድይ መሐላቸው ይታያል፤ ብርዱ ሲጀምር ቀርከሃውና እንሰቱ ይመጣል። እዚያ ላይ ሰው የሚዘፍነው እንደ ሰሜኑ አይደለም። የሰሜን ዜማ፣ የቤተ ክህነቱም የአዝማሪውም፣ አንድ መስመር ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ያንኑ ይቀበላል። ብዙ ሰው ቢዘፍነውም የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው። ዶርዜ ላይ ግን አንዱ ይጀምርና ሁለተኛው ሌላ ዜማ ይዞ ከላይ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ከሥር ይይዛል፣ የቀሩት መሬቱን ያበጃሉ። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሄዳል፣ ሳይጋጩ። ሸማኔ ቤት ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ድር በአንድ በኩል ማግ በሌላ በኩል ካልሄዱ ጨርቅ የለም። የፈረንሳዩ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መቅረጫውን ተሸክሞ እዚህ ተራራ ላይ የወጣው ለዚህ ነው። ቅጂው ፈረንሳይ አገር በሸክላ ታትሟል። እኛ የዶርዜ ልጆች ግን ሽሮ ሜዳ ሆነን አባቶቻችን ማታ ማታ ሲዘፍኑ "ጎረቤት ይረበሻል" እያልን እናፍር ነበር። እኔ ራሴ አፍሬአለሁ። ዛሬ ስጽፈው ያመኛል።

ይህ አዘፋፈን የመስቀል ብቻ አይደለም፤ ለለቅሶም፣ ለሥራም ይወጣል። ያው ሰው ነው፣ ያው ድምፅ። ሟች ሲሸኝ የያዛትን ቦታ በዮ ማስቃላ ይይዛታል። እዚያ ላይ "አንተ የለቅሶ ነህ ወይስ የደስታ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። የወንጌላዊው እምነት ወደ ደቡብ ሲገባም የመጀመሪያዎቹ አማኞች በየቋንቋቸው፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በአገራቸው አዜያዜም ይዘምሩ እንደነበር የዚህን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ኪቦርዱ የመጣው ከኋላ ነው። ዛሬ አርባ ምንጭ ላይ ከአሥር መዝሙር ቤት ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የከበሮ ምት አንድ ነው፤ አንዱን ኪቦርድ አሥር ቤት የተከራየው ይመስላል። ይህን ስል መዝሙሩን አይደለም የምነቅፈው፣ መሣሪያው ላይ ተቀድቶ የመጣውን ምት ነው። ተራራው ላይ ያንን ሁሉ ድርና ማግ ይዞ የወረደ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቀምጦት ይገባል፣ ውስጥ ደግሞ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይሰለፋል።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህን ነው፤ ሳላሳጥር፣ ቡና እየጠጣን። "የመስቀሉን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ" አልኳት። "አክስትሽ ካወጣችው በላይ ስትገቢ እሁድ እሁድ መዝሙር ላይ የምትይዣት ያቺው ድምፅ ናት። ሁለት ድምፅ ካለሽ አንዱን ጣይ። አንድ ከሆነ ግን ምኑን ነው የምትጥዪው?"

"አንተ ለመናገር ይቀልሃል" አለችኝ። "እዚያ እሁድ የምቆመው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። ጂጂ አሜሪካ ሄደች፤ እኔ የት እሄዳለሁ?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። እውነቷን ነው። ስለ ጂጂ ስናወራ ሁልጊዜ የምንዘለው ነገር ይህ ነው፦ ሁሉንም ቤት የገባችው ከራሷ ቤት ወጥታ ነው። ማሕሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበራትም፣ ቤተሰቧ ዘንድ ለዘፋኝነቷ ቦታ አልነበረም፣ ስለዚህ ዓለምን ዞረች። እኛ ደግሞ ዞራ ከመጣች በኋላ "የኛ ናት" አልን። አሬታ ግን ተመልሳ የገባችበት በር ነበራት፣ በሩ ላይም የቆመ አባት ነበራት። በ2018 እ.ኤ.አ. ስታርፍ የሸኟት ዲትሮይት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰባኪዎቹም ዘፋኞቹም አንድ መድረክ ላይ ሆነው።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ፍላሽ አውጥታ "ያንን የምትለውን ገልብጥልኝ" አለችኝ። "ዛዮን ሩትስ"ን ገለበጥኩላት። "ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ"ም ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ እሱን አልሰጠኋትም።

ያለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። መዘምራኑ ወጡ፣ ኪቦርዱ ያንን የሚታወቅ ምት ጀመረ። አንደኛው መዝሙር፣ ሁለተኛው፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ። ሦስተኛው ላይ አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደገም ከቀኝ በኩል አንድ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፍ አለ፤ ሳይጮህ፣ ሳይጣላ፣ የራሱን ይዞ በላይ በላያቸው ሄደ። ልክ አክስቶቿ እንደሚያደርጉት። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ዞር ብሎ አያት። የመዘምራኑ ኃላፊ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና ምን እንዳሰበ ማወቅ አልቻልኩም።

ደጅ ላይ አገኘችኝ። "ሰማኸኝ?" አለች።

"ሰማሁሽ።"

"እሱስ የሰማ ይመስልሃል?"

ፋሲካ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።